ስድስተኛው ልኬት

አምስት ዓመት ሙሉ፣ ከጊፋታ በዓል በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ የጥንቱ ካብ በሾላው ሥር ሲለካ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰማንያ ሁለት ነበር። አባይነሽ አምስቱንም ጊዜ ያንኑ ቁጥር በደብተሯ ጽፋለች።

ዛሬ ስድስተኛው ነው። ሰኞ ስብሰባ አለ፤ አዲሱ መንገድ በካቡ ላይ ይለፍ የሚሉት ሰዎች "ምን ዋጋ አለው፣ በየዓመቱ እየፈረሰ!" ይላሉ። አለመፍረሱን በቁጥር የምታሳይ እሷ ብቻ ናት። የቅየሳ መምህርቷ ከሶዶ በሚኒባስ፣ ቀጥሎ በባጃጅ፣ ብቻዋን የመጣችው ለዚህ ነው።

ካቡ ያለበት የታሪካዊ ፓርክ ጥበቃ ጋሽ ቦልቴ ግን በሩ ላይ ያዟት።

"ቅጹ 'የቡድኑ ብዛት' ነው የሚለው፣ ቲቸር።"

"አንድ ብለው ይሙሉታ!"

"አንድ ሰው ቡድን ይሆናል?"

"ጋሽ ቦልቴ፣ አምስት ዓመት ያውቁኛል እኮ!"

"እኔማ አውቅዎታለሁ። ቅጹ ነው የማያውቅዎት። እስኪ አረፍ ይበሉ፣ ላስብበት።"

በሩ አጠገብ ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ዘጭ አለች። ሃያ ደቂቃ አለፈ፤ እሳቸው አሁንም ያስባሉ። ንዴቷን ለማብረድ ድንጋዮቹን ትቆጥር ጀመር። መቀመጫው አምና አልነበረም። ድንጋዮቹ ግን አዲስ አይደሉም፤ በአንድ ጎናቸው የድንጋይ ሽበት አብቅለዋል።

ቅጹንም ሰውየውንም ትታ ወደ ሾላው ገሰገሰች። ሜትሯን ዘረጋች። አንድ ሜትር ከሠላሳ አንድ።

"ካቡን አፍርሰው ነው መቀመጫ የሠሩት?!"

"ያዘዙት እርስዎ አይደሉ እንዴ?" ተከትለዋት የመጡት ጋሽ ቦልቴ የአስተያየት መዝገቡን ገልጠው አቀረቡላት። የአምናው ገጽ፣ የራሷ ቀጥ ያለ ጽሕፈት፦ "ለጎብኚ ማረፊያ መቀመጫ የለም። በአስቸኳይ ይሠራ።" ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።

"በአስቸኳይ ስላሉ በሦስት ቀን ጨረስኩት" አሉ፣ ኮራ ብለው።

ቦርሳዋን አስቀምጣ የመጀመሪያውን ድንጋይ ከመቀመጫው አነሳች። እሳቸውም ሌላውን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወደ ካቡ ተሸከሙ። የትኛው ከየት እንደተነሳ ሽማግሌው አንድም አልሳቱም። የመጨረሻው ግን አልገጥም አለ።

"ይቺን እንዳትቆረቁር ብዬ ጠርቤያታለሁ" አሉ፣ ቀስ ብለው።

ሦስት ጊዜ ለካች።

"ሰማንያ ሁለት ብለው ይጻፉት፣ ቲቸር። ማን መጥቶ ይለካል?"

አባይነሽ እጇን ከአቧራው አራግፋ ደብተሯን ገለጠች። "ምክንያት" በሚለው ረድፍ የራሷን ስም አሰፈረች። "ልኬት" በሚለው፦ አንድ ሜትር ከሰባ ዘጠኝ።