ሞተሩ ያንኳኳል

ጋረደው በተከፈተው ኮፈን ሥር እንዳጎነበሰ እጁን አነሳ፤ መሪ የያዙት ሐጂ ያዕቁብም ማርሽ አስገብተው፣ ፍሬኑን ሳይለቁ ነዳጁን ረገጡት። መኪናዋ ባለችበት ተንቀጠቀጠች። ቆርቆሮው መዳፉ ሥር ሲርገበገብ ይታወቀዋል፤ ድምፅ ግን የለም። ያለው ሦስት ሳምንት ሙሉ ከጆሮው አልወጣ ያለው ጭውታ ብቻ ነው።

ቀና ብሎ ወደ ኒሟ ዛፍ ጥላ አየ። ሚስቱ የሺመቤት ምስር የምትለቅም መስላ ተቀምጣለች። ቀኝ እጇ ጉልበቷ ላይ ተጨብጧል።

«ሰሊጥ ሲቆላ እንደሚንጣጣው ያለ ድምፅ ከሰማሽ ጨብጪ፣ ካልሰማሽ ዘርጊ» ብሎ ያስተማራት ትናንት ማታ ነው። ወባ ጥሎት ከርሞ መርፌው ነፍሱን አተረፈለት፤ ጆሮውን ግን ይዞበት ሄደ። ሐኪሙ ሊመለስ ይችላል ብሎታል። መቼ እንደሚመለስ ግን አልነገረውም። ጋረደው መደንቆሩን ለሐጂ ደብቋቸዋል።

የዛሬው ጣጣ ሁሉ የመጣው በዚች መኪና ነው። ጅዳ የሚኖረው የሐጂ አማች ከአንድ ጎረምሳ ላይ ገዝቶ በፖርት ሱዳን በኩል የላካት፣ ጃፓን ሠራሽ፣ ባለ ሁለት በር፣ ሆዷ መሬት የሚልስ የእሽቅድምድም መኪና ናት። ያ ዓመት የረሃቡ ሰባ ሰባት ነው። ከድንበሩ ከገላባት በኩል ሰው እየወደቀ እየተነሳ በእግሩ ይገባል። ነጋዴው ሁሉ ማሽላ ሲያስጭን ሐጂ ያዕቁብ ፍጥነት አስጫኑ ብሎ የሱዳኗ ገዳሪፍ ገበያ ተሳለቀባቸው። በየዓርቡ ደጃቸው ላይ ለስደተኛው ገንፎ የሚያስበሉ ሰው በመሆናቸው ግን ደፍሮ የሚረግማቸው አልተገኘም። ይሽጧት ቢባሉም እምቢ አሉ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

መኪናዋ የለመደችው ጥሩ ቤንዚን ነው። እዚህ የምትጠጣው ደግሞ ከበርሜል በጨርቅ ተጠልሎ የሚቀዳ፣ ማን ምን እንደቀላቀለበት አላህ ብቻ የሚያውቀውን ነው። ስለዚህ ካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጡበትን ጊዜ በጥቂት ማዘግየት ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ በጆሮ የሚሠራ ሥራ ነው። ሦስት መካኒኮች «ተማም»፣ ደህና ናት ብለው ሄደዋል። መኪናዋ ግን እንዳንኳኳች ናት፤ እንዲህ እያንኳኳች ካርቱም መንገድ ብትወጣ ፒስተኗ ይበሳል።

ወባው ሳይጥለው በፊት ሐጂ ይህችን ካዳንክልኝ አዲሱ የመኪና መጠገኛ ወርሻዬ ውስጥ አስገባሃለሁ፣ ለመኖሪያ ወረቀትህም ዋስ እሆንሃለሁ ብለውታል። ዋስ የሌለው ስደተኛ ከሻ የሚሉት አፈሳ በመጣ ቀን ይያዛል፤ ፖሊስ በጭነት መኪና ጭኖ ኡም ራኩባ መጠለያ ያራግፈዋል። ጋረደውና የሺመቤት የሁለት ዓመት ልጃቸውን የቀበሩት እዚያ ነው። የሺመቤት ከዚያ ወዲህ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚያ አትመልሰኝ አለችው።

ብሎኑን ላላ አድርጎ እሳት የሚያከፋፍለውን ዕቃ በፀጉር ስፋት አዞረና አጠበቀ። ሐጂ ረገጡ። እጇ አሁንም ጭብጥ ነው። ደግሞ አዞረ፤ ደግሞ ጨበጠች። የሐጂ ፊት በላብ ተጠምቋል፤ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ጋረደውም ምን እንዳሉ ሳያውቅ አንገቱን ይነቀንቃል። ሰዓታቸውን አዩ። ትዕግሥታቸው እንዳለቀ ለማወቅ ጆሮ አያስፈልግም ነበር።

ለአራተኛ ጊዜ ሲረግጡ ወደ ኒሟ ተመለከተ። የሺመቤት መዳፏን ዘርግታለች።

እፎይ ሊል አፉን ሲከፍት አንድ ነገር ከለከለው። ከውኃ ሥር እንደሚመጣ ያለ ቀጭን ነገር፣ ጣ ጣ ጣ ይላል። የራሱ ጭውታ መስሎት ትንፋሹን ዋጠ። ሐጂ እግራቸውን አነሱ፤ ጠፋ። ረገጡ፤ ተመለሰ። ሰሊጡ ነው። በአገሩ በጎንደር አሥራ አምስት ዓመት ሲያባርረው የኖረው ያ የተረገመ ድምፅ፣ ዛሬ የጠፋ ዘመድ ሆኖ ገባለት።

ወደ ሚስቱ አየ። መዳፏ እንደተዘረጋ ነው፤ ዓይኗን ምስሩ ላይ ተክላለች። ፈርታ እንደዋሸችለት ገባው።

ሐጂ ሞተሩን አጥፍተው ወረዱና እጃቸውን ዘረጉለት።

«ተማም?»

ያን እጅ ቢጨብጥ ሁሉም ነገር ያልቃል። ወርሻውም፣ ዋሱም፣ ወረቀቱም በእጁ ናቸው። ጋረደው ግን የተዘረጋውን እጅ ትቶ እንባውን በዘይታማ ክንዱ ጠረገ።

«ያንኳኳል፣ ሐጂ» አለ፤ ሳቁ አመለጠው። «ገና ያንኳኳል። ሰማሁት እኮ።»

ሐጂ ያዕቁብ ቆመው አዩት። እንደዚህ ያለ ሰው ገጥሟቸው አያውቅም። መኪናቸው ታማለች እያለ የሚስቅ መካኒክ ነው።

«ወላሂ፣ እንዳልዳነች የነገረኝ አንተ ብቻ ነህ» አሉ። «እስክትድን ሥራት፤ አልቸኩልም። ከሰኞ ጀምሮ ወርሻ ትገባለህ፣ ወረቀቱን እኔ እጨርሳለሁ።» ይህን ብለው ለቀትሩ የዙሁር ሶላት ሊታጠቡ ወደ በርሜሉ ሄዱ።

ጋረደው ለዛፉ ጀርባውን ሰጥቶ ሞተሩ ላይ አጎነበሰ። ጆሮው ከተያዘ ወዲህ የሺመቤት ስትፈልገው መጥታ ትከሻውን ነበር የምትነካው። አሁን ግን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። የሚፈራውን ነገር እንደሚነካ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠራችው።

«ጋረደው።»

«ወይዬ» አለ፣ ቀና ሳይል፣ ብሎኑን እያላላ።