አዝራሯ

ተመራማሪው አዝራር የምታክል መሣሪያ ሠራ። ደረት ላይ ትለጠፍና የልብ ምትን ያለ ሽቦ ወደ ስልክ ትልካለች። ስልኩ አረንጓዴ ካበራ ባለቤቱ ደህና ነው፤ ቀይ ካበራ ሐኪም ይፈልጋል።

ይህን እንድትለይ ግን አስቀድማ የጤነኛ ልብ ምት ማወቅ ነበረባት። በሰው ላይ የመሞከሪያው ፈቃድ ደግሞ ገና ኮሚቴ ዘንድ ተኝቷል። ተመራማሪው እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅ ሰው አይደለም፤ የገዛ ደረቱ ላይ ለጥፎ አስተማራት። አያጨስ፣ አይጠጣ፣ ከእሱ የተሻለ ጤነኛ ከየት ይመጣል?

መጀመሪያ ያሳያት ለእናቱ ነው። ሊፍቱ ከተበላሸ ወዲህ የእናቱ ቤት ከፍ ብሎበታል፤ በየፎቁ እየቆመ፣ የግድግዳውን ቀለም እያደነቀ ወጣ።

«ደግሞ ምን ሠርተህ መጣህ?» አለችው በሩን ከፍታ።

«ልብሽን ላዳምጥ።»

«ዕድሜ ልኬን ስናገር ያልሰማኸኝ፣ ዛሬ ልቤን ልታዳምጥ?»

እየሳቀ ለጠፈላት። ስልኩ ቀይ አበራ።

ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። ሌላ ሞገድ ገብቶበት ይሆናል ብሎ ቴሌቪዥኑን አጠፋ፣ የኢንተርኔቱን ሳጥን ከሶኬት ነቀለ፣ ማይክሮዌቩን ሳይቀር ተሸክሞ ኮሪደር ላይ አወጣ። አሁንም ቀይ። ምናልባት ተበላሽታ ይሆናል ብሎ አዝራሯን የራሱ ደረት ላይ ለጠፋት።

አረንጓዴ።

እንግዲህ መሣሪያዋ እንከን የላትም። ማይክሮዌቩ ይሁን ድንጋጤው፣ ላብ በጀርባው ወረደ። አባቱ ቁርስ እየበላ ነው በድንገት የሄደው፤ እናቱንም እንዲሁ ሊያጣት ነው።

«ተነሺ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ምሳ ጥጄ?»

«ይረር!»

«መጀመሪያ የጫማህን ክር እሰር። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ።»

ጎንበስ ብሎ አሰረና ግድግዳውን ተደግፎ ቀና አለ። ደረጃውን ሲወርዱ «ቀስ በዪ እማዬ!» እያለ ከኋላ ተከተላት። ታች ደርሳ ጠበቀችው።

የልብ ሐኪሟ እናትየውን አስተኝታ በትልቁ መሣሪያ መረመረቻት። ቀጥላ የተመራማሪውን ስልክ ጠየቀች።

«ላይ ያለው የልብ ምት የእናቴ ነው» አላት እየተጣደፈ፤ «ታች ያለው የኔ፣ ለማመሳከሪያ። እኔ የሬዲዮ ሰው ነኝ፣ ልብ አላውቅም። እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ።»

ሐኪሟ ስልኩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ ብዙ አየች። መነጽሯን አውልቃ ጠርጋ እንደገና አየች። ከዚያ ወደ በሩ ዞራ፣ «ተሽከርካሪ ወንበር፣ ቶሎ!» ብላ ተጣራች።

የተመራማሪው ዓይን እንባ ሞላ። የእናቱን እጅ ጥብቅ አድርጎ ያዘ።

«አይዞሽ እማዬ፣ እኔ አለሁልሽ።»

ነርሱ ወንበሩን እየገፋ ገባ፣ እናትየውን አለፈና እሱ ፊት ቆመ።