የተነበበው መመሪያ

ኢንስፔክተሩ የፖሊስ መመሪያዎችን ታሪክ እንዲጽፍ ከታዘዘ ሦስት ወር ሞላው። ሰባት ጣቢያ ዞሮ ያተረፈው ግን አቧራ መቃም ብቻ ነው። በሦስት መንግሥት ዘመን የታተሙት መመሪያዎች ሁሉ ዛሬ ከማተሚያ ቤት የወጡ ይመስላሉ፤ ስለ እስረኛ አያያዝ የሚያወራው ምዕራፍማ ገጾቹ እንኳ ገና እንደተጣበቁ ናቸው።

«ይሄ ሁሉ ወረቀት ለማን ነው የታተመው? አንድ የሚያነብ ፖሊስ ይጥፋ?» አለ በስምንተኛው ጣቢያ፣ የያዘውን መመሪያ ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ።

የዕቃ ግምጃ ቤቷ ኃላፊ ሳጅን ምንትዋብ ትንሽ አመነታች። «አንድ የተነበበ አለ፣ ጌታዬ» ብላ ከጓዳ አንድ መጽሐፍ አመጣችለት።

ጠርዙ ተበልቷል። ያ የእስረኛ አያያዝ ምዕራፍ ከእጅ ብዛት ጠቁሯል፤ «እስረኛን መምታት ክልክል ነው» ከሚለው አንቀጽ ሥር በጥፍር ተደጋግሞ ተሰምሯል። የኢንስፔክተሩ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈካ።

«ተገኘ! የታሪኩን መግቢያ በዚህ ሰው ነው የምጀምረው። ማን ይባላል? አሁንም እዚሁ ነው የሚሠራው?»

ሳጅኗ መጽሐፉን ገልብጣ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየችው፦

«ከእስር ክፍል ሦስት በፍተሻ የተያዘ ክልክል ዕቃ።»