ወፍራሙ ሰንሰለት

ጎረቤቴ ጋሽ ልሳነወርቅ አንዴ ከተናገሩ አይመለሱም። ልጃቸውን ስንዱን ለማግባት ሽማግሌ የላከውን የጭነት መኪና ሾፌር፣ «በሐምሌ መኪናውን ደጄ ድረስ ካመጣ እድራታለሁ፤ ካላመጣ ይርሳት» አሉት። የኛ ዳገት በሐምሌ በቅሎ እንኳን ያንሸራትታል። ስንዱ አለቀሰች፣ ሽማግሌዎቹ ለመኑ፣ እሳቸው ወይ ፍንክች።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ከተማ ብረት መሸጫ ውስጥ አገኘኋቸው፤ ሰንሰለት ያገላብጣሉ።

«በሩን ሊከረችሙባት ነው እንዴ ጋሼ?» አልኳቸው ለቀልድ።

ሻጩ ቀጠን ያለ ሰንሰለት ሲያቀርብላቸው በእጃቸው ገፉት። «ይሄ የበግ ማሰሪያ ነው። የከባድ መኪና የኋላ ጎማ ላይ የሚጠመጠመውን፣ ጭቃ ቆንጥጦ የሚይዘውን አምጣ።»

«ይሄም እኮ ለጭቃ ይበቃል፣ አባባ።»

«የኛን ዳገት አታውቀውም። ወፍራሙን አልኩህ።»

«መኪና ደግሞ መቼ ገዙ?» አልኩ እኔ።

ወፍራሙን ሰንሰለት ጥንዱን አንስተው ትከሻዬ ላይ ጫኑብኝ።

«ለዚያ ሾፌር አድርስለት። ከኔ ነው ብትለው ግን ወዮልህ። እኔ እንደሆነ ቃሌን አላጥፍም።»