ከቫኪዩሙ ሆድ የተጻፈው

ቬልዳን የበደለቻት የገዛ እህቷ ናዲን ናት። ይህን በከተማዋ የማያውቅ የለም፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ቬልዳ ራሷ ስትናገረው ኖራለቻ።

ነገሩ የመጣው በምንጣፍ ቫኪዩም፣ አቧራ በሚስብ የኤሌክትሪክ መጥረጊያ ነው። በ1938 የገና ዕለት ባሏ ኦሪን ስትራውድ "ዓይንሽን ጨፍኚ" ብሎ፣ ሰው ቆሞ የሚገፋውን ዓይነት ማሽን ሳሎን አስገባላት። ብረቱ ፊት ያሳያል። የአቧራ መያዣ ከረጢቱ እጥፋቱን እንኳ አልለቀቀም። "ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ነው" አላት። ካርቶኑን በረዶ ስላራሰው ሱቅ ትቶት መጥቷል።

የጎረቤቶቿ አዳዲስ ቫኪዩሞች ግንባራቸው ላይ መብራት ነበራቸው። የእሷ የለውም። ኦሪን "መብራት ለመኪና ነው፤ ምንጣፍሽ በጨለማ የት ይሄድብሻል?" ብሎ አሳቃት።

ማሽኑን የሌላ ሰው እጅ አያስነካም። ቀበቶው ቢበጠስ ራሱ ይቀይራል፤ ዘይት ራሱ ያጠጣል። ቬልዳ በዚህ ትኮራ ነበር። ስንቱ ባል ነው መጥረጊያ ዞር ብሎ የሚያይ?

በፀደይ ናዲን ለአንድ ሳምንት ተዋሰችው። የናዲን ባል አሮጌ የቤት ዕቃ እየገዛ የሚሸጥ ሰው ነበር። ማሽኑ ሲመለስ ቬልዳ ብሩሹ ላይ የተጠመጠመውን ክር ልታወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ገለበጠችው። ከሆዱ ሥር ትንሽ ታርጋ አለች። ቬልዳ ትምህርቷ ከአራተኛ ክፍል ባያልፍም ቁጥር አይጠፋትም። 1925 ይላል።

ወደ ናዲን ቤት ሄዳ በረንዳዋ ላይ ቆማ ጮኸችባት። "አዲሱን የኔን አስቀርተሽ የባልሽን ቅራቅንቦ ሰጠሽኝ!"

"ቬልዳ፣ የወሰድኩትን ነው የመለስኩት። በእናታችን መቃብር።"

"እናታችንን አትጥሪ! እሷ ሌባ መውለዷን ሳታውቅ ነው የሞተችው።"

ኦሪንን "ሂድና አስመልስልኝ" ብትለው አንገቱን ደፋ። "ተዪው ቬልዳ። ይጠርግልሽ የለ? ለማንም አታሳዪው፣ ነገር ይበዛል።"

ምን ዓይነት የዋህ ሰው ነው አለች በልቧ። አፈር ይቅለለውና ኦሪን ከሞተ አምስት ዓመቱ።

የእህትማማቾቹን ደጃፍ የሚለየው ስድስት ቤት ነው። ናዲን ልጇን ስትድር ቬልዳ አልሄደችም። ባሏን ስትቀብርም አልሄደችም። ኦሪን የሞተ ዕለት ናዲን የፖም ኬክ ጋግራ መጣች። ቬልዳ በመጋረጃው ቀዳዳ እያየቻት በሩን አልከፈተችም፤ ኬኩን ወፍ በላው።

አሁን ናዲን ቤቷን ሸጣለች። ነገ ጠዋት ልጇ ዘንድ ኦሪገን ትሄዳለች፤ በዚህ ዕድሜዋ ተመልሳ አትመጣም። ጎረቤቱ ደጃፏ ተሰብስቦ ሊሸኛት ተነጋግሯል።

"ሌባማ ተመርቃ አትሄድም" አለች ቬልዳ። "ቫኪዩሙን እግሯ ሥር ጥዬ፣ በሰው ፊት ታርጋዋን ራሷን አስነብባታለሁ።"

ቃሏ እንዲጸና ባለሙያ አስጠራች። ሌስተር የሚሉት ቫኪዩም ጠጋኝ መጣ። አባቱም እዚሁ ከተማ በዚሁ ሥራ አርጅቶ የሞተ ነው። ሌስተር ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ጋዜጣ አነጠፈና ማሽኑን ገለበጠው።

"ዕድሜውን ንገረኝ" አለች። "ያው 1925 ይላል።"

"እሱ የተሠራበት ዓመት አይደለም፣ ወይዘሮ ቬልዳ። የፈጠራ መብቱ የተመዘገበበት ነው። የገለበጠው ሁሉ በዚህ ይሳሳታል። ኋላ የተሠራውም ላይ ይኸው ቁጥር ይለጠፋል።"

የቬልዳ ፊት ጠቆረ። "እና ሐሰተኛዋ እኔ ነኝ በለኛ!"

"ኧረ ቆይ ይታገሡኝ። ዕድሜው ያለው ከመለያ ቁጥሩ ፊት ካለችው ፊደል ላይ ነው።" ከኪሱ ቅባት የጠገበ ደብተር አወጣ። ገልጦ ገልጦ ጣቱን አቆመ። "ሃያ ስድስት። ይህ ማሽን በ1926 የተሠራ ነው። በ1938 የአሥራ ሁለት ዓመት አሮጌ ነበር።"

ቬልዳ ጠረጴዛውን በጥፊ መታችው። "እሰይ! ሠላሳ ሁለት ዓመት 'ቬልዳ ምላሷ ነው' ሲሉኝ!"

"እንግዲያው ልክ ነዎት።"

"ልክ መሆኔንማ መች ጠየቅሁህ? ምስክር ነው የፈለግሁት።"

ሌስተር ሳቀ። "ከመጣሁ አይቀር ውስጡን ላጽዳልዎት" ብሎ በካቻቪቴ የማራገቢያውን ክዳን ፈታ። ባትሪውን አብርቶ አጎነበሰ። ሳቁን ተወ።

"ምን አገኘህ? አይጥ ነው?"

"የአባቴ ጽሑፍ ነው። በእጁ ያለፈውን ማሽን ሁሉ ክዳኑ ውስጥ በሚስማር ይጭርበት ነበር።"

"አንብበዋ፣ ምን ይገትርሃል!"

አነበበላት። ድገመው አለችው። ደገመላት።

"ክዳኑን አትግጠመው" አለች ቬልዳ። "እንደ ተከፈተ ተወው።"

በማግሥቱ የቤተ ክርስቲያን ኮቷን ለብሳ፣ ኮፍያዋን ደፍታ፣ ቫኪዩሙን በመንኮራኩሩ እየጎተተች ስድስቱን ቤት አለፈች። ሸኚው ሁሉ ሲያያት መንገድ ለቀቀ። "አሁን ገና ጉድ ፈላ" አለ አንዱ። ናዲን ሻንጣዋን እንደ ያዘች ደረጃው ላይ ቀረች። ቬልዳ ማሽኑን እግሯ ሥር ገለበጠችና የተከፈተውን ክዳን አቀበለቻት።

"አንብቢ። ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ ጮክ ብለሽ።"

ናዲን ጣቷን በጭረቱ ላይ እያስኬደች አነበበች፦ "አሮጌ። ተወልውሎ፣ አዲስ ከረጢት ተደርጎለት፣ ለኦሪን ስትራውድ ተሸጠ። ዲሴምበር 1938።"