ተራ ቁጥር አንድ

ወጣቱ ባሕር ማዶ ተምሮ በተመለሰ ሰሞን፣ ተራራው ላይ ካለው ሐይቅ ዳር፣ በተዘጋው የሶዳ ፋብሪካ ግንብ ሥር አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ደብቆ ነበር። ጨዋታ ነው፤ ቦታውን በስልኩ እየተመራ ያገኘ ሰው፣ ሣጥኗ ውስጥ ባለው ደብተር ስሙን ይጽፋል። ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጎ አጣ። ነገ ተመልሶ ሊሄድ ነውና ሣጥኗን ሊያነሣ መጣ።

ደብተሩ እስከ መጨረሻው ገጽ ሞልቷል። ደስ ሊለው ሲል ማንበብ ጀመረና ግራ ገባው፤ «ሙሉጌታ ደርሶ፣ በያጅ፣ አሥራ አራት ዓመት የሠራ። ዘነቡ ጫኔ፣ ማሸጊያ ክፍል...»

«ልትመዘገብ ነው?» አሉት የፋብሪካው የቀድሞ ዘበኛ ጋሽ ዳምጠው፣ ከኋላው ደርሰው። «ገጹ አልቋል፤ ሌላ ደብተር እስካመጣ ታገሥ።»

«የምን ምዝገባ?»

«የሥራ ነዋ! ፋብሪካው ሊከፈት አይደል? ፈረንጆቹ ሳይቀሩ እየመጡ ይፈርማሉ።»

ጣቱን የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፈ። «ይሄ... የእኔ ስም ነው።»

ሽማግሌው እጁን ጨብጠው አልለቅ አሉ።

«ተራ ቁጥር አንድ! ምነው እንዲህ ጠፋህ? ተመዝጋቢዎቹ ሁለቴ ሊሰርዙህ ሲሉ፣ ‹ተዉት፣ ይመጣል› ብዬ የተሟገትኩልህ እኮ እኔ ነኝ።»