ዓለምን መዞር

የኤፍራታ አባት በአማቱ ዶሮ ወጥ ላይ ከቀለደ ወዲህ እናቷ አኩርፋዋለች። ሁለቱ የሚነጋገሩት በኤፍራታ በኩል ብቻ ነው።

«አባትሽን ራት ቀርቧል በይው» አለች እናቷ፣ እሱ እዚያው አጠገቧ ተቀምጦ።

«እናትሽን ጠግቤያለሁ በያት።»

ኤፍራታ መልእክቱን ትታ ከትምህርት ቤት የተዋሰችውን የሕንድ ተረት መጽሐፍ ከፈተች። የዝሆን ራስ ያለው ልጅ ሥዕል ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይኼ ልጅና ወንድሙ ዓለምን ማን ቀድሞ ይዞራል ብለው ተወዳደሩ። ወንድሙ ወፍ ላይ ተቀምጦ በረረ። ይኼኛው ግን እናትና አባቱን ዞሮ ‹የእኔ ዓለም እናንተ ናችሁ› አላቸውና አሸነፈ። እኔም ልዙራችሁ፤ ተነሱ!»

ልጅቷን ላለማስከፋት ተነሥተው ቆሙ።

«ተጠጉ እንጂ! መሐላችሁ ባሕር አለ።»

ጀርባና ጀርባ ሆነው ተጠጉ። ላለመተያየት ሁለቱም ጣሪያ ጣሪያውን ሲያዩ፣ ኤፍራታ ጎንበስ ብላ ትዞራቸው ጀመር። ዞረች፣ ዞረች፣ ደግማ ዞረች።

«ይቺ ዓለም አታልቅም እንዴ?» አለ አባቷ።

«ያንተ ቦርጭ ተጨምሮባት ነዋ!» አለች እናቷ፣ ማኩረፏን ረስታ።

አባቷ ሳቁ አመለጠው። እሷም ሳቀች።

«በይ እንብላ፣ ወጡ ቀዘቀዘ» ብሎ አንድ እርምጃ ሲራመድ፣ እናቷ ወደ ኋላ እየተንገዳገደች ተከተለችው። ሁለቱም ቁልቁል አዩ። ወንበር ላይ ተጥሎ የነበረው የእናቷ መቀነት ወገባቸው ላይ ተጠምጥሟል።

«ተረቱ ላይ መቀነት አለ እንዴ?» አለ አባቷ።

«የለም» አለች ኤፍራታ፣ ቋጠሮውን እያጠበቀች።